መርዶ በእሁድ

መርዶን ወደ እሁድ የሚያዛውሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? በእኛ ፌርፋክስ፣ በሐበሻው ሰፈር፣ ሞልተዋል። አገር ቤት ማክሰኞ የሞተ ሰው እዚህ ሎስ አንጀለስ የሚሞተው፣ ሁላችንም ኦፍ በምንሆንበት ቀን ነው። ምን ይደረግ? መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ቤት ድረስ መሄድ ነው። በሥራ ቀን ታዲያ ማን ይሰበሰባል?

የመርዶ አለቃችን ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። የጓደኛችን የአልማዝ እናት ማረፋቸውን የሰሙ ዕለት፣ እኔ የምሠራበት ሱቅ መጥተው እኔንና ሥጋ ቆራጩን ጦር እንደሚያዘምት ጄኔራል አዘዙን።

«አንቺ ጠዋት ጠዋት ደውዪላት፤ አንተ ከሰዓት። ስልኳ ፋታ እንዳያገኝ! ፌስቡክ ከከፈተች አለቀልን።»

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ብንነግራትስ?» አልኳቸው።

«በሦስት ሰው? ሰው የላትም ይባል?»

ሶ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ደወልን። ስለ ሽንኩርት መወደድ ስንት ሰዓት ይወራል? አልማዝም ቶራንስ ከተማ ከምትንከባከባቸው አሮጊት ቤት ሆና፣ እየሳቀች መለሰችልን።

እሁድ ንጋት ላይ ሚድ ሲቲ ሰፈር፣ የአፓርታማዋ ኮሪደር እስኪጠበን ድረስ ተሰብስበን ቆምን። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። አልማዝ ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል።

«ወንድሜ ረቡዕ ነግሮኛል» አለች። «ብቻዬን ለማልቀስ ሞክሬ ነበር፤ እንባዬ እምቢ አለኝ። ግቡልኝ፤ አሁን ላልቅስ።»