አርባ አንደኛው ዱርዬ

ተረቴን ልጀምር ነውና ጆሮ ያለው ያውሰኝ፤ የሌለው ከጥንቸል ይበደር። እንስሳት እንደ ሰው በሚናገሩበት፣ ይባስ ብሎም እንደ ሰው ስብሰባ በሚቀመጡበት ዘመን፣ ከገበሬዎች የማሽላ ማሳ አጠገብ አንድ ደን ነበር። በዚያ ደን ውስጥ አንድ ጥርሱ የተሰበረ ሽማግሌ፣ አያ ከርከሮ የሚባል፣ ይኖር ነበር። አያ ከርከሮ ከሰዓት በኋላ የደኑን ልጆች ሁሉ ወንዝ ዳር ሰብስቦ ሥር መቆፈር ያስተምራቸዋል። ሲሰለቻቸው ያታግላቸዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቹ ደክሟቸው ወደየእናታቸው ይገባሉ። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ሙሉ ማሳ ገብቶ የሰው ማሽላ የቀጠፈ አንድም ልጅ አልነበረም። ሽማግሌው ለዚህ ሥራው ስም አላወጣለትም፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ሣሩ አረረ፣ የእናቶች ጡት ነጠፈ፤ በወንዝ ውሃ የሚለማው የገበሬዎቹ ማሽላ ብቻ ቆሞ ቀረ። በዚህ መሐል ሽመላዎች ከሩቅ አገር እህል በጆንያ ተሸክመው መጡ። እህሉ ታዳጊዎችን ከጥፋት ለሚከላከል ደን የሚሰጥ ድጋፍ ነው አሉ። ደኑም ወዲያው ኮሚቴ አቋቋመ። ቀበሮ አስተባባሪ ሆኖ ተመረጠ፤ "ዘላቂነት" የሚለውን ቃል ሳይደናቀፍ መናገር የሚችል እሱ ብቻ ነበርና።

የሽመላዎቹ አለቃ በአንድ እግሯ ቆማ ቅጹን ዘረጋች።

"በደናችሁ ስንት ዱርዬ ልጅ አለ?" ብላ ጠየቀች።

"እግዜር ይመስገን፣ አንድም የለን" አለ አያ ከርከሮ፣ ደስ ብሎት።

ሽመላዋ ከልቧ አዘነች። "እንግዲያው ምኑን እንከላከላለን? ማዶ ያለው ደን እኮ ስድሳ ሦስት አለው" አለችና ጆንያውን መልሳ ማሰር ጀመረች።

ቀበሮ ዘሎ መሐል ገባ። "ክብርት ሆይ፣ ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። የኛ ዱርዬዎች ዓይን አፋር ሆነው ነው እንጂ አርባ ሙሉ አሉን። ሦስት ቀን ብቻ ይስጡን፣ በስም ዝርዝር እናቀርባለን።"

በማግስቱ በቀበሮ ዋሻ ደጃፍ የእናቶች ሰልፍ ሆነ። ትናንት የልጇን ጨዋነት እያወራች ጎረቤት ስታሰለች የከረመች ሁሉ ዛሬ ተገልብጣለች። "የኔ ልጅ ይናከሳል" አለች ዝንጀሮ። "መናከስማ የኔም ይናከሳል። የኔው ደግሞ ነክሶ ይስቃል" አለች ጅቢት። ጃርት በበኩሏ ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ለታላቅ ሰላምታ ሰጥቶ አያውቅም ብላ ማለች። ልጁ ከተወለደ ገና አራተኛ ቀኑ መሆኑን ግን አልተናገረችም። ሁሉም ተመዘገቡ።

በመጨረሻ እመት ሚዳቋ ጭምት የሚባል አንድ ልጇን ይዛ ቀረበች።

"ጥፋቱ ምንድን ነው?" አለ ቀበሮ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

"ዝም ይላል ጌታዬ።"

"ዝምታው ንቀት አለበት?"

"ኧረ የለበትም። ሲያፍር ነው።"

"ማፈር ቅጹ ላይ የለም። ምስክር ያየው አንድ ጥፋት ይዘሽልኝ ነይ። አርባውም እኮ ሞልቷል፤ ላንቺ ስል ነው አርባ አንደኛ የማደርገው።"

እመት ሚዳቋ ልጇን ይዛ ተመለሰች። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ እህል ካላገኘ የሚቀጥለውን ወር እንደማያይ ታውቃለች። ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ "ልጄ፣ አንዴ ብቻ ስረቅ" አለችው።

"ከማን ልስረቅ? ባለቤቱን ላስፈቅድ?" አለ ጭምት።

መጀመሪያ ከአያ ከርከሮ ጉድጓድ አንድ ሥር ሰረቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን መልሶ ወስዶ ይቅርታ ጠየቀ። ቀበሮ ይህን አልተቀበለም፤ ይቅርታ የተጠየቀበት ጥፋት አይቆጠርም አለ። ስለዚህ ጭምት ማሳው ገብቶ አንድ ራስ ማሽላ ቀጥፎ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ተመዘገበ። እናቱም ያን ዕለት አንድ ቁና እህል ይዛ ገባች።

ነገር ግን ምዝገባው በየወሩ ይታደሳል። አዲስ ጥፋት ያላመጣ ልጅ "ታርሟል" ተብሎ ከእህሉ ይሰረዛል። ከአያ ከርከሮ ጋር ሥር ሲቆፍር የታየም ዕጣው ያው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሮ ልጆቹን ከባነር ሥር አስቀምጦ ስርቆት ክፉ መሆኑን ያስተምራል፤ የአሰልጣኝ አበሉንም እዚያው ይበላል። ልጆቹ ስልጠናው እንዳለቀ ለእድሳት የሚሆን ማሽላ ፍለጋ ይሮጣሉ። ወንዝ ዳሩ ጭር አለ።

አያ ከርከሮ አንድ ቀን እመት ሚዳቋ ደጅ መጣ።

"ልጁን መልሺልኝ። ገበሬዎቹ ማማ ላይ ጠባቂ አውጥተዋል፤ ወንጭፍ ይዟል" አላት።

"ብመልስልዎ ምን ይበላል፣ አያ? መሬቱ እንደሁ ድንጋይ ሆኗል።"

"እኔም እኮ ለልጆቹ ከዚያ እህል ስጡኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ሥራህ ማስረጃ የለውም አሉኝ። ያልተሰረቀ ማሽላ ከየት አምጥቼ ላሳያቸው?"

አያ ከርከሮ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። እመት ሚዳቋ እሱ ከሄደ በኋላ አለቀሰች፤ በማግስቱ ግን ልጇን ወደ ማሳው ላከችው።

ጭምት ወር በመጣ ቁጥር እየለመደ ሄደ። መንቀጥቀጡ ቀረ፣ ይቅርታ የሚባለውንም ረሳው። እናቱ ዘወር ስትል ከራሷ ቁና መዝገን ጀመረ። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጠባቂው ድንጋይ የኋላ እግሩን ጉልበቱ ላይ አገኘው። ጎረቤት ተሸክሞ አመጣው፤ እግሩ ግን ዳግመኛ አልተዘረጋም።

ዓመቱ ሲሞላ ሽመላዎቹ ተመለሱ። ቀበሮ ተጠቃሚዎች ከአርባ አንድ ወደ ሁለት መቶ ሰባት ማደጋቸውን ሪፖርት አቀረበ፤ እንግዶቹም በመንቆራቸው አጨበጨቡ።

"ለመሆኑ የታረመ አለ?" አለች አለቃቸው።

ቀበሮ ደንግጦ ልጆቹን ቃኘ። ሁለት መቶ ስድስቱ ትናንት ማሳ ውስጥ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሰረቀ ጭምት ብቻ ነው። ያልሰረቀው መሮጥ ስላቃተው ነው፤ ቅጹ ደግሞ ምክንያት አይጠይቅም።

ጭምት እያነከሰ መድረኩ ላይ ወጣ። ሰርተፊኬት አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ስለታረመም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእህሉ መሰረዙ በጭብጨባ ተነገረ። እናቱ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ባዶ ቁና መሬት ላይ አስቀመጠች።

ሽመላዋ ብዕሯን አነሳች። "አይዞህ ልጄ፣ ለሌሎች ደኖች ትምህርት እንዲሆን እንጽፈዋለን። ከፕሮግራሙ በፊት ምን ነበርክ?"

"ዱርዬ በል" ብሎ ቀበሮ ከኋላ አንሾካሾከ።

ጭምት እናቱን አየ። አያ ከርከሮንም አየ።

"ልጅ ነበርኩ" አለ።