የማድ ቤቱ ቆርቆሮ

በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየበጎ አድራጎት ቤቱ መስጠትን ከመለመን የሚያከብድ አንድ ሰው አይጠፋም። ልብዎ በርኅራኄ ሞልቶ፣ ያለዎትን ተሸክመው ሲመጡ፣ ይህ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ስምዎን ይጠይቃል፣ አድራሻዎን ይጠይቃል፣ ምክንያትዎን ይጠይቃል። ደግነትዎ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል ደረሰኝ ይሰጥዎታል።

የእኛዋ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጧሪ ያጡ ሃያ ሁለት አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አለን። «አለን» የምለው የቦርዱ ጸሐፊ ስለሆንሁ ነው እንጂ፣ ቤቱ የእሳቸው ነው ቢባል ይቀላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰማያዊ ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ እኛ መጡ። ወረቀት ላይ ማዕረጋቸው «ንብረት ተረካቢ» ነው። እኔ በልቤ «ክብርት የደረሰኝ ዘበኛ» እላቸዋለሁ።

አንዲት ጥያቄ አለቻቸው። ብርድ ልብስ ይዘው ቢመጡ፣ በሬ ጎትተው ቢመጡ፣ ከመጠየቅ አይመለሱም። «ለምን ይሁን ብለው ነው?»

አንድ ጊዜ ሦስት ኩንታል ጤፍ ያመጣ ሰው «ለመብላት ነዋ፣ እትዬ» አላቸው።

«ለማን መብላት? ለአረጋውያኑ ብቻ ነው፣ ወይስ ሠራተኛውም ይቋደስ?»

ሰውየው አሰበ። ዘበኛችን ምሳ ይብላ አይብላ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቦበት አያውቅም። «ሠራተኛውም ይብላ» አለ በመጨረሻ፤ ተጻፈ። ዘበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የሻሽወርቅ ሲያልፉ ኮፍያውን ያነሳል።

ሌላ ጊዜ አዲስ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ አርባ ብርድ ልብስ፣ አንድ ባነርና አንድ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ።

«ብርድ ልብሱ ገብቶኛል። ካሜራውስ ለምን ይሁን ብለው ነው?»

«ለማስታወሻ ነው፣ እናቴ።»

«የማን ማስታወሻ?» አሉና ክንዱን ይዘው ወደ ወንዶቹ መኝታ ቤት አስገቡት። አልጋ ላይ የተቀመጡትን አባ ገብረ መስቀልን «ይህ ልጅ ፎቶ ሊያነሳዎት ይፈልጋል፤ በቴሌቪዥን ይወጣል፤ ይፈቅዳሉ?» ብለው ጠየቁ። አባ ገብረ መስቀል ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ ጎንደር ነው ያለ። እህቴ ዘንድ ያለሁ ነው የሚመስለው። ባያየኝ ምን ይመስላችኋል?» ነጋዴው ባነሩን ራሱ ጠቀለለው። ብርድ ልብሶቹ ቀሩ፤ ሰውየውም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያለ ካሜራ ይመጣል።

በጀታችን ባዶ በነበረበት ወር ደግሞ የሰፈር አሮጊት የወርቅ ጉትቻቸውን ፈትተው ሲሰጧቸው፣ «ልጆችሽ ያውቃሉ?» ብለው ሻይ አጠጥተው ጉትቻውን ጆሯቸው ላይ መልሰው ሸኟቸው። አሮጊቷ ሦስት ወር አኮረፉ። እኔም አኮረፍሁ፤ በደብዳቤ የምለምነው እኔ ነኝ።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። እዚህ ቤት የገባሁት እናቴ በሞተች ዓመት ነው። አርባዋ እንደወጣ የተረፋትን ጥቂት ዕቃ አምጥቼ ለእትዬ የሻሽወርቅ አስረከብሁ፤ ያን ቀን ምን እንደተባልሁ፣ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ መመላለስ ያዝሁ፤ መምህር መሆኔን ሲያውቁ ጸሐፊ አደረጉኝ። ከሥራ ስወጣ ሐይቅ ዳር መሄድ ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ውሃውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፤ ታንኳዎቹ የተንሳፈፉት ውሃ ላይ ይሁን አየር ላይ አይለይም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓርብ ዓርብ ከዋርካው ሥር አንድ ጥቁር ጃንጥላ ከሩቅ አያለሁ። እናቴ እንዲያ ነበር የምትቀመጥ፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ምንም ሳትናገር። አልጠጋም። መንገድ ቀይሬ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው አልነገርሁም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ግንቦት አጋማሽ ላይ የተነሳ ነፋስ የሴቶቹን መኝታ ቤት ጣራ ገንጥሎ ወሰደው። አሥራ አንድ አሮጊቶች መመገቢያ አዳራሽ ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተደረደሩ፤ እሱም ቢሆን በሁለት ወገን ክፍት ነው። ዝናቡ በቀናት ውስጥ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ግምጃ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ጥር ላይ የተሰጠን ስድሳ ቆርቆሮ ምንም ሳይነካ ተደርድሮ ቆሟል።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ መልካሙ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው በሲሚንቶ መድረቂያ ሰዓት ይለካል። «ቆርቆሮ አለ፣ ምስማር አለ፣ አናጺው ደጅ ቆሟል። ምን እንጠብቃለን?» አሉ።

«ሰውየውን» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ።

«የትኛውን ሰውዬ?»

«የሰጠንን። ለማድ ቤት ይሁን ነው ያለው።»

«ማድ ቤቱ ገና እንጨት እንኳ አልተገዛለትም። አሮጊቶቹ ወለል ላይ ተኝተዋል እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ከነፋሱ ወዲህ እኔም አብሬያቸው ነው የማድር።»

አቶ መልካሙ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ቃለ ጉባኤዬ ዞርሁ። እውነቱን ልናገርና ከአቶ መልካሙ ጋር ነበርሁ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው፤ ከዝናብ ከከለለ ከማን ራስ በላይ እንደተመታ ማን ይጠይቃል ብዬ ነበር።

«ሦስት ቀን ስጡኝ» አሉ። «ቁልፉ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ጸሐፊም ከእኔ ጋር ይሄዳሉ፤ የሚጻፍ ነገር ሊኖር ይችላል።»

ችግሩ፣ ሰውየው ደረሰኙ ላይ ያስጻፈው የክርስትና ስሙን ብቻ ነው፤ ወልደ ገብርኤል። ስሙን ከሰው ሰውሮ መስጠት የፈለገ እንዲያ ያደርጋል። ስልክ አልተወም። እትዬ የሻሽወርቅ ግን ከደረሰኙ ቀሪ ግርጌ በእርሳስ ሁለት ነገር አስፍረዋል፦ «መኪናው ላይ ከቆላ ድባ ገበያ የተጫነ እህል አለ። ደረሰኝ አልፈልግም አለ፤ ግድ ስለው ተቀብሎ ኮፍያው ውስጥ ሸጎጠው።»

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። እሳቸው ጥራዙን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው ተቀመጡ። እኔ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አንቀላፋሁ፤ በነቃሁ ቁጥር ሐይቁ በግራ በኩል በሌላ ቀለም ይታየኛል፤ አንዴ ብር፣ አንዴ አመድ፣ አንዴ ምንም። ማክሰኝት ላይ ሙዝ ገዝተው ቀሰቀሱኝ። «ይብሉ ጸሐፊ። ከራሴ ኪስ ነው» አሉ። አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ቆላ ድባ ስንደርስ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡ ቄስ ጠየቅን። «ወልደ ገብርኤል?» አሉ ቄሱ። «የአጥቢያዬ እኩሌታ ወልደ ገብርኤል ነው። ቀሪው ወልደ ሚካኤል ነው። የትኛውን ላምጣላችሁ?»

እህል ተራ ገባን። እትዬ የሻሽወርቅ ስም መጠየቁን ትተው አደይ የምትባል ጤፍ ሻጭ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ወረቀት ኮፍያው ውስጥ የሚሸጉጥ ነጋዴ ታውቂያለሽ?»

አደይ ስፍሩን አስቀምጣ ሳቀች። «ገድሉ ነዋ። የግብሩ ደረሰኝ እዚያ፣ የመብራቱ እዚያ፣ የልጁ የክትባት ወረቀት እዚያ። ኮፍያው የወደቀ ቀን አገር ይበተናል።»

ገድሉ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። እትዬ የሻሽወርቅን ሲያይ ደነገጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ ሲያገላብጥ የእኛ ደረሰኝ ላብ ጠጥቶ፣ ተጣጥፎ ወጣ። የመጣንበትን ነገሩት፤ ነፋሱን፣ ወለሉን፣ አሥራ አንዱን አሮጊቶች። ሲጨርሱ «ለምን ይሁን እንዳሉን እናውቃለን። ለሌላ ይሁን ቢሉንም ባይሉንም እንቀበላለን። ለመጠየቅ ነው የመጣን» አሉ።

ገድሉ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ስለት ነው፣ እትዬ። ልጄ ኪዲ ታማ ተስፋ በቆረጥንባት ጊዜ ለገብርኤል ተሳልሁ።»

«ማድ ቤት ለምን ሆነ?» አልሁ እኔ። የጸሐፊ ጥያቄ አልነበረም።

«እናቴ ሰው ቤት እያበሰለች ነው ያሳደገችን። ማድ ቤቱ ያፈስ ነበር። ክረምት ክረምት እሳቱን በጀርባዋ ከልላ ነበር የምታነድ። ጀርባዋ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።»

እኛ ሳንጠይቅ ብንመታው ኖሮ የዚያችን ሴት ጀርባ ሳናውቅ ሌላ ቤት ላይ እንቸነክረው ነበር።

ገድሉ ደረሰኙን መልሶ አጣጠፈው። «ሴቶቹ አሥራ አንድ ናቸው ነው ያሉኝ?»

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው ይመታላቸው። ለገብርኤል እኔ እነግረዋለሁ። የማድ ቤቱን ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሌላ ስድሳ አመጣለሁ።»

«ቤትዎ ሳይጎድል?»

«እትዬ፣ ስለቴን ላስገባ እንጂ ሀብቴን አያስቆጥሩኝ።»

«ለታኅሣሥ አይበሉ። ሲያገኙ ይበሉ። ጸሐፊ፣ ‹ሲያገኝ› ብለው ይጻፉ።» ጥራዙን ሰጡኝ።

የዓይነት ስጦታ የሚመዘገብበት ጥራዝ ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ አገልግሏል። የገድሉን ገጽ ስፈልግ ወደ ኋላ አልፌ ሄድሁ። የእናቴን ስም ያየሁት እዚያ ነው።

«ከወይዘሮ ሙሉነሽ ልጅ። አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ በርጩማ፣ ሁለት ነጠላ። ለምን ይሁን፦ ሐይቁን ማየት ለሚወድ ሰው።»

እንዲያ ማለቴን ረስቼዋለሁ። ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፦ «ጃንጥላ ፈላጊ አራት ሰው። ሐይቅ ወዳድ አልተገኘም።» ከዚያ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እንደገና በሌላ ቀለም፦ «ወይዘሮ ውዴ ከጢስ ዓባይ መጡ። ውሃ ሲያዩ ዝም ይላሉ። ተሰጠ። ዓርብ ዓርብ ዋርካው ሥር ይወሰዳሉ።»

ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። ገጹን ወደ እሳቸው አዞርሁት፤ «ፊርማ የለውም» አልሁ።

እትዬ የሻሽወርቅ አንገታቸውን ደፉ። ከበሬ እስከ ባነር የጠየቁ ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው ሆኑ። «ያን ቀን እያለቀስህ ነበር፣ ልጄ» አሉ፤ ጸሐፊነቴም እርስዎነቴም እዚያው እህል ተራ ቀረ። «እስክርቢቶው አልያዝልህም አለ። ላስቸግርህ አልወደድሁም። ኦዲተሩ በመጣ ቁጥር ይቺን ገጽ በአውራ ጣቴ ይዤ ነው የማሳልፋት።» ከዚያ ራሳቸውን ሰበሰቡ። «በል አሁን ፈርም።»

ፈረምሁ። በጥራዙ ውስጥ ሳይፈረም የኖረው የእኔ ብቻ ነበር።

ጣራው ሐሙስ ተመታ። ዓርብ ሐይቅ ዳር ወረድሁ፤ መንገድ አልቀየርሁም። ወይዘሮ ውዴ ምን አመጣህ ሳይሉኝ ወደ ውሃው እያዩ በርጩማው ላይ ጠጋ አሉ፤ እኔ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ማዶ ያሉት ደሴቶች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ወይዘሮ ውዴ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። ከሥሩ የእናቴ ሽታ ያለ መሰለኝ፤ ላይኖርም ይችላል።

ሊወስዷቸው የመጡት እትዬ የሻሽወርቅ ከኋላችን ቆመው አየኋቸው። ሰማያዊ ጋዋናቸው ትከሻው ላይ መርጠብ ጀምሯል።

«ጸሐፊ» አሉ፤ «ጃንጥላው የተሰጠው ለአንድ ሰው ነው።»

ተነሥቼ ከእትዬ የሻሽወርቅ አጠገብ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ።