ዶክተሩ ደብተሩን ሲከፍት

ባልና ሚስት ሲጣሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሽማግሌ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ሽማግሌ ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ጥፋተኛው ጉልበት ይስማል፣ አለቀ። የማይፈርድ አስታራቂ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በደርግ ጊዜ እኛ ድሬዎች አንድ ደርሶን ነበር። ይህ ዶክተር ቡዳፔስት ድረስ ሄዶ አምስት ዓመት የተማረው የሰው ጭንቀት ማዳመጥ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! ብቻውን የመጣውን ብቻውን፣ ባለትዳሮችን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያናግራል። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ።

እኔንና ሚስቴን ዘሃራን እሱ ዘንድ ያደረሰን በርጫ ነው። ከባቡር ጋራዡ ስወጣ የቤቴን በር አልፌ ጓደኞቼ ጋ ጫት ላይ እሰየማለሁ። ዘሃራ ስድስት ዓመት ታገሠች። በሰባተኛው ሻንጣዋን አስራ መልካ ጀብዱ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ተነሳች። ሽማግሌ አልሰማም አለች። እውነቷን ነው፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች የበርጫ ጓደኞቼ ናቸው። ዶክተሩ ብቻ ቀረ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ቤቱን ያለ እሷ አስቤው አላውቅም።

የደቻቱን ድልድይ እስክንሻገር ክሷን ስትደረድር ሄደች። ገና ከመግባቷ፣ “ስማ አንተ ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ...” ብላ ጀመረች። እሱ ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋ። እዚህ የሚነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም አለ። እኔ አልፈርድም፣ ሁለታችሁም ድክመታችሁን በነጻነት ተናገሩ አለና ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶ አወጣ።

አቦ፣ በዚያ ዘመን በር ተዘግቶ፣ ደብተር ተከፍቶ፣ ድክመትህን በነጻነት ተናገር የሚባለው የት ነበር? የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነዋ! እዚያ ደግሞ ሌላው ሳያጋልጥህ ራስህን ማጋለጥ ይሻላል። ብድግ አልኩና ግለ ሂሴን ጀመርኩ። የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ እንዳለብኝ፣ ለአብዮቱ ማዋል የሚገባኝን ጊዜ በጫት እንደማባክን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ዶክተሩ ይጽፋል።

ዘሃራ እስክሪብቶውን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ሥራ ፈት ብለው ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ይወስዱታል ብላ ፈርታ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ለማንም ብላ የማታውቀውን አንቱታ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ “ይዋሻል፣ ጓድ ዶክተር! እንዳያምኑት!” አለች። ጫት የሚባል አይቀምስም አለች። ከሥራ ቀጥታ ቤቱ ነው፣ ልጆቹን የሚያስጠና እሱ፣ ከቦኖ ውኃ የሚቀዳም እሱ ነው አለች። ዶክተሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። ልክ ናት አልኩ። እሱንም ጻፈው። እንዲህ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ቡዳፔስትም አላየሁ ብሎ ጨብጦን ሸኘን።

ስንወጣ ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። በአደባባይ ይዛኝ አታውቅም፤ ደስ አለኝ። ሻንጣውም ተፈታ።

ዳንኩ ብዬ በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ወደ በርጫዬ አቀናሁ። ዘሃራ በሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

“ሂድ አቦ፣ ማን ከለከለህ?” አለች። “እኔም ዶክተሩ ጋ ብቅ ብዬ የጻፈውን ላሳርም።”

ባልዲውን አንስቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ።