መንትዮቹና ሻንጣው

ከሕፃናት ጋር ሻንጣ አዘጋጅታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ተመስገን በሉ። እኔ አንድ ሱሪ አጥፌ ሳስገባ መንትዮቹ ሁለት ያወጣሉ። ደግሞ አውጥተው ዝም አይሉም፤ በምትኩ ጭልፋ፣ ነጠላ ጫማ፣ የብርቱካን ልጣጭ ይከታሉ።

መንገዳችን ህንድ ነው። እናታቸው ለትምህርት ከሄደች ዓመት አለፋት። በስልክ ሲያዩዋት "ማሚ!" ይላሉ። ምን ዋጋ አለው፣ ስልኩንም ማሚ ነው የሚሉት። ሽሮና በርበሬውን ሳሽግ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፦ እጇን ስትዘረጋላቸው ቢሸሿትስ?

ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን የያዘችልኝ ጎረቤቴ ሳህራ ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላት። እኔ ሥራ ስውል እነሱ ባንኮኒዋ ሥር ይውላሉ። አማርኛውንም ሶማሊኛውንም ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ጡት ብቻ ነው ያላጠባቻቸው።

የጉዞው ዕለት በባጃጅ ኤርፖርት ድረስ ሸኘችን። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከበደ። ሠራተኛው "አቦ፣ የሆነ ነገር ቀንስ" አለኝ። ድሬ ነው፣ አንቱታ የለም። ሽሮውን ላወጣ ስከፍተው በዳይፐር ተጠቅልሎ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የሳህራ የሚዛን ድንጋይ! ያ ትልቁ ብረት። መንትዮቹ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

ይዤላት ወጣሁ። በሳቅ ሞተች። ለካ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፍቶባት በግምት ስትሸጥ ሰንብታለች። "ዋላሂ፣ ደንበኛው ሁሉ አበዛሽልን እያለ ሲመርቀኝ ነበር!" አለችኝ። ከዚያ ከላይ የደረበችውን ሻል አወለቀችና "በቦታው ይሄን ክተት" አለች። "ለእናታቸው ስጣት። መጀመሪያ ቀን ትልበሰው። ሽታዬን ያውቁታል፣ አይፈሯትም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ሻሉን ተቀበልኳት። እኔ ያንን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እሷ ግን ልጆቹን ታውቃለቻ!

ደረስን። እንደፈራሁት እናታቸውን ሲያዩ እግሬ ሥር ተሸጎጡ። ሚስቴ አይኗ እንባ ሞላ። ቶሎ ብዬ ሻሉን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ደረበችው። ወንዱ ጠጋ አለ። አሸተተ። የሄልና የሳሙና ሽታ ነው፣ የሳህራ ሱቅ ሽታ። ከዚያ እቅፏ ውስጥ ገባ። እህቱም ተከተለች። እዚያው እላይዋ ላይ ተኙ፤ ሚስቴም እንዳይነቁባት ብላ እያለቀሰች ሳትንቀሳቀስ ቆየች።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ሲባል ሰምታችኋል። ተረቱ ይጎድለዋል። የኔዋ ጎረቤት ከሩቅም ልጅ ታስተኛለች።