ሽማግሌዎቹን የቀቀለች መኪና

በአገራችን «አላውቅም» የሚባል ነገር የሚጠፋበት አንድ ቦታ አለ፤ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አጠገብ። ሰው ስለ ራሱ ጉበት ሲጠየቅ «ሐኪም ይወቀው» ይላል። ስለ ጎረቤቱ ትዳር ሲጠየቅ እንኳ ለወጉ ያህል ትንሽ ያመነታል። የመኪና ኮፈን ብድግ ሲል ግን አላፊ አግዳሚው ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ አንገቱን ያሰግጋል፤ ከዚያ በሽታውን ይናገራል። መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠራጠርም። ምን ያጠራጥረዋል?

እኔ ከሚሴ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ምታትና የሰው ቁርጠት ስሰማ ስለምውል፣ ስለ በሽታ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። መኪናዬ የታመመች ለት ግን በሽተኛ አስታማሚ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አየሁት።

መኪናዬ ነጭ ናት። ማለቴ ስገዛት ነጭ ነበረች፤ አሁን የጨፋ ሜዳ አቧራ የወደደውን ቀለም ቀብቷታል። የእኛን አገር ሙቀት ለማያውቅ ሰው፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች መኪና ውስጥ መግባት ዳቦ ገና የወጣበት ምድጃ ውስጥ ገብቶ መሪ እንደመጨበጥ ነው ብል ይበቃል። ስለዚህ ኤሲ ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ ከፍሬን ቀጥሎ የሚመጣ ነው። አንዳንድ ቀን ከፍሬንም ይቀድማል።

አንድ ቀን ታዲያ ኤሲው ዝም አለ። ቁልፉን ስጫነው መብራቱ ይበራል፤ ነፋስ ግን የለም። በዚያ ላይ ሌላ አመል አወጣች። ፍሬን ስረግጥ ከመሪው ፊት ያለው የክሩስኮቱ መብራት ይደበዝዛል። የግራ ፍሬቻ ሳበራ ሬዲዮው ከፍሬቻው ጋር እኩል ይንተባተባል፤ ዜና አንባቢው ቃል በተነፈሰ ቁጥር ትን የሚለው ይመስላል። የመስታወት ማውረጃውን ስጫን ደግሞ መስታወቱ ጣት ያህል ወረድ ይልና ሐሳቡን ይቀይራል።

ኡመር ዘንድ ወሰድኳት። ኡመር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በሚኒባሶቹ መናኸሪያ አካባቢ የታወቀ ሰው ነው። ፈጣን ነው፤ ምን ሆነች ብሎ አይጠይቅም። እኔ ስለ ሬዲዮውና ስለ ፍሬቻው ልነግረው ስጀምር እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ጨርሷል። ወዲያው ጉባኤው ተሰበሰበ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጋዝ ጨርሳለች አለ። ፍየል እየነዱ ወደ ገበያ የሚያልፉ ሰውዬ ባትሪ ነው አሉ፤ ፍየሎቹም ቆመው አዩ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ዓይን በልቷት ነው ስትል ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ሳላስበው የመኪናዬን ግንባር በእጄ ሸፈን አደረግሁ።

ኡመር ፊውዝ ለወጠ፤ ጋዝ ሞላ፤ አልሆነም። በመጨረሻ የነፋስ መስጫውን ሞተር ከማብሪያ ማጥፊያው ለይቶ በሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘውና፣ ከእንግዲህ ይህን ነፋስ ማንም አያቆመውም አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ። ነፋሱ ሽው አለ። ጠዋት ነበር፤ ሞተሩም ገና አልሞቀም፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ።

ያ ነፋስ ወዲያው የተፈለገው ለትልቅ ጉዳይ ነበር። የባለቤቴ የዘሀራ ወንድም አብዱ እዚሁ ከሚሴ ጨርቅ ይነግዳል። ባቲ ገበያ ለንግድ ሲመላለስ ሐዋ የምትባል ልጅ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አባ ሁሴን ግመልና ፍየል ነጋዴ ናቸው፤ የከብት ጥርስ ፈልቅቀው ሲያዩ የኖሩ ስለሆኑ ሰውንም እንደዚያ ነው የሚያዩት። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን፣ እሳቸው እየተናገሩ ስልክ ነካክታችኋል ብለው መልሰዋቸዋል። አብዱ ይህን ከሰማ ጀምሮ እኛ ቤት እየመጣ ሳይበላ ይተኛል። ዘሀራ ይህ ነገር ካልተሳካ ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ የእኛ ሳሎን ውስጥ እንደሚያረጅ ነግራኛለች። ስለዚህ ነገሩ የአብዱ ብቻ አልነበረም፤ የሳሎኔም ነበር።

ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት የዘሀራ አጎት ሀጂ ይመርና ጎረቤታችን አያ ሰይድ ናቸው። ሀጂ ይመር ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ናቸው። ለዚያ ቀን ረጅም ንግግር አዘጋጅተዋል። አያ ሰይድ ቃል አይቆጥቡም። በወጣትነታቸው ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጎን ብዙ ስለተጓዙ መኪና ያውቃሉ፤ ማለትም እንደሚያውቁ ያውቃሉ።

ተነሣን። ከሚሴን ለቀን ጨፋ ላይ ስንደርስ ሁሉም መልካም ነበር። ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ነፋሱ ደህና፣ ሀጂ ይመር ከፊት ተቀምጠው በሐሳብ ንግግራቸውን ይከልሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ለብ አለ። ከዚያ ሞቀ። ከዚያ ከሚፈላ ድስት ክዳን ሥር የሚወጣ የሚመስል ነገር ፊታችን ላይ መጣ። አያ ሰይድ ከኋላ ሆነው፣ አትደናገጡ፣ ኤሲ መጀመሪያ ሙቁን አስወጥቶ ነው ቀዝቃዛውን የሚያመጣው አሉ። ሐርቡን አለፍን፤ ሙቁን ያስወጣል። ኮምቦልቻ ገባን፤ አሁንም ሙቁን ያስወጣል። ከየት የመጣ ሙቅ ነው ይህን ያህል?

መስታወት ላወርድ ብል እንደ አመሉ ጣት ያህል ወርዶ ቆመ። ነፋሱን ላጥፋ ብል ኡመር ማንም አያቆመውም ያለውን አስታወስኩ። አያ ሰይድ በመቀመጫዎቹ መሐል ተንጠራርተው፣ የሙቀት መለወጫውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ቀዝቃዛ ድረስ በሙሉ ጉልበታቸው አዞሩት። ቀጭ አለና እጃቸው ላይ ቀረ። የኤሲውንም ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ሲደግሙት ወደ ውስጥ ሰምጦ አልተመለሰም። ማዞሪያውን አየት አድርገው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ስለ ዘንድሮ ዝናብ ያወሩ ጀመር። ቆመን በር ከፍተን ጥቂት ተነፈስን፤ ሀጂ ይመር ግን ከቀጠሮ ማርፈድ ከመቀቀል ይብሳል ብለው ተመልሰው ገቡ።

ባቲ ስንደርስ የሀጂ ይመር ጀለቢያ ከጀርባቸው ተጣብቋል። ፂማቸው ያንጠባጥባል። አባ ሁሴን በር ላይ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ነጋ» እያሉ ተቀበሉን፤ እጃችንን ጨብጠው ሲለቁ የራሳቸውን እጅ በጨርቅ ጠረጉ። ተቀመጥን። ሀጂ ይመር ዱዓ አደረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያ ሁሉ የተጠና ንግግር ግን ከላቡ ጋር መንገድ ላይ ቀርቷል። «ልጅዎን ለልጃችን…» አሉ፣ «በመጀመሪያ ግን ውሃ።»

አለቀልን አልኩ። የአብዱ ፍራሽ ሳሎኔ ውስጥ ተዘርግቶ ታየኝ። አባ ሁሴን ግን ሀጂ ይመርን እንደ ጥሩ ግመል ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ ዓይናቸው ሳሳ።

«ብዙ ሽማግሌ መጥቶብኛል» አሉ፤ «ለሰው ልጅ ብሎ እንዲህ የሚያልበው ግን አላየሁም።»

ጭንቀት መስሏቸዋል። አያ ሰይድ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ ስለ መኪናው ትንፍሽ እንዳልል በዓይናቸው አዘዙኝ። አባ ሁሴን ከዘመድ ልማከርና ተመለሱ አሉን። ይህ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግማሽ እሺታ ነው። ስንመለስ ሀጂ ይመር በእኔ መኪና አልሄድም አላሉም፤ ዞር ስል ሚኒባስ ላይ ሲሳፈሩ ብቻ አየኋቸው።

ቤቴ ገብቼ ማሰብ ጀመርኩ። መድኃኒት ቤት አንድ ሰው መጥቶ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ዓይኔን፣ እንቅልፌን ቢለኝ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አልሰጥም፤ ሁሉን የሚያገናኝ አንድ ነገር ይኖራል እላለሁ። ለመኪናዬስ ለምን እንደዚያ አላሰብኩም? ሬዲዮው፣ መስታወቱ፣ የክሩስኮቱ መብራት፣ ኤሲው በምን ይገናኛሉ?

ነገሩን ጠያይቄና አንብቤ ደረስኩበት። ኤሌክትሪኩ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ ሲሄድ በየራሱ ሽቦና በየራሱ ፊውዝ ነው የሚሄደው። ወደ ባትሪው ሲመለስ ግን በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። የሁሉም መመለሻ ሽቦ ተሰብስቦ በአንድ ብሎን ከብረቱ ጋር ይታሰራል። ያ ብሎን ከላላ የአንዱ ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በሌላው በኩል ሊያልፍ ይሞክራል፤ ፍሬቻው በሬዲዮው ቤት ያቋርጣል፤ ሬዲዮው ይንተባተባል። ሙቀቱም ከዚያው ነው። ከነፋሱ ፊት፣ በሞተሩ ትኩስ ውሃና በኤሲው ቅዝቃዜ መካከል አንዲት ክዳን አለች፤ ትንሽ ሞተር ወዲያና ወዲህ ታደርጋታለች። ያቺ ሞተር ኤሌክትሪክ አጥታ ክዳኗ ወደ ሙቁ ወገን እንደተከፈተች ተገትራ ቀርታለች። ኤሲውም የሚበራው መብራቱ ብቻ ነው እንጂ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኮምፕሬሰር አይነሣም ነበር።

ዘሀራ የስልኳን መብራት ይዛልኝ በጀርባዬ ከክሩስኮቱ ሥር ገባሁ። የግራ እግር ማሳረፊያው አጠገብ አንድ ብሎን ዝጎ፣ የሽቦ ጥቅል በወጉ ሳይዝ ተንጠልጥሏል። ዘሀራ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ ወንድሜ ሊሞት የነበረው በዚህ ነው ወይ አለችኝ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ብሎኑን አጥብቄ ሞተር ሳስነሣ ከውስጥ አንድ ነገር እየተንቀጫቀጨ ዞረ፤ ኮምፕሬሰሩ ጠቅ አለ፤ በረዶ የመሰለ ነፋስ መጣ። ሬዲዮው እንደ ሰው አወራ። መስታወቱ ወረደ። ለኡመር ሄጄ ብነግረው፣ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የኡመርን ቀጥታ ሽቦ አልፈታሁም፤ የሙቀቱም ማዞሪያ በአያ ሰይድ ጉልበት መጨረሻው ቀዝቃዛ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል። ስለዚህ መኪናዬ አሁን የምታውቀው አንድ የአየር ጠባይ ብቻ ሆነ፤ የደሴን ክረምት።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሀጂ ይመርን መለመን ነበረብኝ። እንደገቡ ግን ፊታቸው በራ፤ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው ባቲ እስክንደርስ እንቅልፋቸውን ለጠጡት። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ፂማቸው የተበጠረ ሆነው ወረዱ። ያንን ንግግርም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳይጥሉ አሰሙት። እንዴት ያምር ነበር። አባ ሁሴን ግን እየሰሙ በሄዱ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

«ያኔ በትኩሱ ነበር የመጣችሁ» አሉ። «ዛሬ ቀዝቀዝ ብላችኋል። ልጁ ሐሳቡን ቀይሯል እንዴ?»

አያ ሰይድ ወላሂ እንደዚያ አይደለም አሉ፤ ከፈለጉ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆሜ ልመለስ ብለውም ተነሡ። አብዱ በየደቂቃው ስልኬን ያስጮኻል፤ እኔ ስልክ ላለመንካት እጄ ላይ ተቀምጫለሁ። ሀጂ ይመር ግን መካ የረገጠ ሰው አይዋሽም፤ ሁሉን ነገሩ። ያኔ የቀቀለን መኪናው ነው፤ ዛሬም የቀዘቀዝነው በመኪናው ነው፤ የልጁ ልብ እንደሆነ እንደ ነደደ ነው አሉ።

አባ ሁሴን ሱብሐነላህ አሉና፣ ሽማግሌ የምትቀቅልና የምታቀዘቅዝ መኪና ካለችማ ዓይቼ ልፍረድ ብለው ተነሡ። ሞተሩን አስነሣሁላቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ በሩን ዘጉ። እኛ ውጭ፣ የባቲ ፀሐይ አናታችን ላይ፣ ጥላ በሌለበት ቆምን። ጠበቅን። አሁንም ጠበቅን። በመስታወቱ አሻግሬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሀጂ ይመር እንደገና ከግንባራቸው ጀምሮ ይንጠባጠቡ ያዙ። በመጨረሻ መስታወቱ ጥቂት ወረደ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ አባ ሁሴን። «በሩን ግን አትክፈቱት።»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሙሽራዋ በዚህች መኪና ትሂድ አሉ። እሺ አልን፤ ማን እምቢ ይላል?

የሠርጉ ቀን መኪናዬን አጥቤ በሪባንና በአበባ አስጌጥኳት። ሐዋ ወጣች፤ ገባች፤ ወዲያው ወጣች። ጥርሴ ተንገጫገጨ አለች። ከአብዱና ከጓደኞቿ ጋር፣ መስታወቱ ሁሉ በተከፈተ ሚኒባስ እየተዘፈነላት ሄደች። ያጌጠች መኪና ደግሞ ባዶዋን መሄዷ ነውር ነው ተብሎ አባ ሁሴን ራሳቸው ገቡ። ኮምቦልቻን ስናልፍ ብርድ ስለጠናባቸው፣ የሚስታቸውን ነጭ ነጠላ ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተከናነቡ።

ከሚሴ ቀድመን የደረስነው እኛ ነን። ባለ አበባዋ መኪና ስትታይ እልልታው ቀለጠ፤ በሩ ተከፈተ፤ የተከናነበ ሰው ወረደ። ዓይናቸው የደከመ የዘሀራ አክስት ማንም ሳያስቆማቸው ደረሱና ሽቶ ረጭተው፣ ሁለት ጉንጩን ስመው፣ ሙሽሪት እንኳን ደህና መጣሽ፣ አላህ በዚህ ዓመት ወንድ ልጅ አቅፈሽ ያሳየን አሉ።

አባ ሁሴን ሽማግሌ ይመልሳሉ እንጂ ዱዓ አይመልሱም፤ አሚን አሉ።