ክቡር አቶ መጀመሪያ እና ሊጠፋ የነበረው ሰርግ

ጀማሪ በተሰበሰበበት መድረክ ሁሉ አንድ አቶ መጀመሪያ አይታጣም። ስለ ኮምፒውተር ይወራ ስለ ካሜራ፣ ስለ ውሃ ፓምፕ ይወራ ስለ ስፌት መኪና፣ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ “ይሄ ነገር እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?” በሚባባልበት ቦታ፣ ጥያቄን ሳያቃና መልስ የማይሰጥ አንድ ሰው ይኖራል። እንደሌላው አይሰድብም፣ እንደሌላው አያላግጥም። ዝም ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ስድብ በስንት ጣዕሙ!

የፎቶ አንሺዎቹ መድረክ አቶ መጀመሪያ ግን ከሁሉም የባሱ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው አባላቱ ናቸው፤ የሚጽፉት መልስ ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚጀምር። አንዱ “አይሰራም” ብሎ ብቻ ሲጽፍ፣ “መጀመሪያ፣ የማይሰራው ማን ነው?” ይሉታል። ሌላው በትሕትና “አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?” ሲል፣ አንዱን ስለጠየቀ ሁለተኛውን እንዲቀጥል ይነግሩታል። “እርዱኝ፣ አስቸኳይ!!!” የሚል ርዕስ ካዩማ ቃለ አጋኖዎቹን እንደ አረም ነቃቅለው ርዕሱን ራሳቸው ያስተካክሉታል። ደግሞም ለሁሉም “እርስዎ” ነው። ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ እንኳ “እርስዎ” ተብሎ ሲጠየቅ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስለው ነበር።

ፎቶ አንሺዋ ይህን ሁሉ ከዳር ሆና እያነበበች ትስቅ ነበር። ያኔ ፎቶ አንሺ የሚላት እንኳ አልነበረም። በታላቅ እህቷ ፎቶ ቤት ውስጥ መብራት ታቆማለች፣ አልቃሽ ሕፃን ታስቃለች፣ ጉርድ ፎቶ ትቆርጣለች። ካሜራው “እትዬ” የምትላት የእህቷ ነው፤ እትዬም እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። እትዬ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ስትገባ ግን ቃል የተገባለት ሰርግ ነበርና፣ ካሜራው በታናሽዋ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ሰርጉ አማረ። እሷም ሁሉንም አነሳች። የሙሽራዋ አያት ከሩቅ ቦታ በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሙሽራዋ ጎን ተቀምጠው ነበር። የሙሽራዋ እናት የፎቶ አንሺዋን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ “እኚህን አደራ። አባቴ ከእንግዲህ ለሰርግ የሚወጡ አይመስለኝም” አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍታ ካሜራውን ስታበራ፣ እዚያም እዚህም ስትነካካ፣ “ካርዱ ይጽዳ?” የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚያ ቤት ነገር ሁሉ ንጽሕና ነው። ሌንሱ ይጸዳል፣ መጋረጃው ይጸዳል፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ሳይቀር ይወለወላል። ካርዱም ቢጸዳ ምን ክፋት አለው ብላ “አዎ” የሚለውን ተጫነች። ካሜራው ታዘዘ፤ ፎቶው ሁሉ ያለው ግን እዚያው ካርዱ ላይ ነበር። ሙሽራው፣ ሙሽራይቱ፣ አያትየው፣ ሁሉም ባዶ ሆነ።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። እትዬ ጋ እንዳትደውል፣ አራስ ናት። የሙሽራዋ እናት ጋ እንዳትደውል፣ ምን ትላለች? መድረኩን ከፈተችና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጻፈች። “እርዱኝ!!! ፎቶ ጠፋብኝ። ምን ይሻለኛል?” ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችበትም።

መልሱ ዘነበ። አንዱ ሙያውን ለሚችለው እንድትተው መከራት። ሌላው ይሄ ጥያቄ መቶ ጊዜ ተጠይቋል ብሎ ተቆጣ፤ የት እንደተጠየቀ ግን አልነገራትም። ሦስተኛው ልበ ቀና ቢጤ ነበር። አይዞሽ ብሎ ካጽናናት በኋላ፣ ካርዱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ፎቶ አንስታበት እንድትሞክር ነገራት። አይዞሽ ያላት እሱ ብቻ ነውና እሱን አመነች። ካሜራውን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረች።

ይሄኔ አቶ መጀመሪያ ደረሱ። “መጀመሪያ፣ ካርዱን ከካሜራው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ የካሜራውን ሞዴል፣ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል፣ እርስዎም የተጫኑትን ይንገሩኝ።”

ደሟ ፈላ። ቤቷ ሲቃጠል ስለ ክብሪቱ ዓይነት የሚጠይቅ ሰው መጣባት። በአንድ እጇ፣ “የሰው ሰርግ ጠፋ እያልኩህ ስለ ሞዴል ትጠይቀኛለህ? መርዳት ካልፈለግክ ዝም በል” ብላ ጻፈች። በዚያ መድረክ አቶ መጀመሪያን አንተ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አባላቱ የሚመጣውን ለማየት ተቁለጨለጩ።

የመጣው ይህ ነበር፤ “መጀመሪያ፣ ካርዱ ወጥቷል?”

አልወጣም። የሌላኛው እጇ ጣት ገና የካሜራው ማንሻ ላይ ነበር። ምን እንደነካት እንጃ፣ ንዴቷ ሳይበርድላት ካርዱን መዝዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና “ወጥቷል” ብላ ጻፈች።

“ጎሽ። አሁን ጊዜ አለን።”

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዷት። የጸዳው ካርድ ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ነው አሏት፤ ገጾቹ አሉ፣ ማንም በላያቸው ካልጻፈባቸው። አንድ ፎቶ ቢነሳበት ግን ከሰርጉ ገጾች ባንዱ ላይ ይጻፋል። ይህን ስታነብ ካሜራውን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችው። ያ አይዞሽ ባይ፣ እግዜር ይስጠውና፣ አያትየውን ሊያሳጣት ነበር።

ጥያቄው ቀጠለ። እሷም መለሰች፤ ስትመልስ ደግሞ ነገሩ ለራሷም እየገባት መጣ። የነገሯትን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነች፣ ካርዱን ሰካች፣ ጠበቀች። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። የኬኩ ቆረሳ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ቀረ። አያትየው ግን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከነግርማቸው መጡ። ብቻዋን ሳቀች፣ ብቻዋን አለቀሰች።

“ተገኘ! ይባረኩ!” ብላ ልትሰናበት ስትል አቶ መጀመሪያ አለቀቋትም። እንዴት እንደተገኘ እንድትጽፍ፣ ነገ ይኸው የሚደርስበት ሌላ ሰው እንዳለ ነገሯት። ጻፈች። ከዚያ በፊት እሷ የምታውቀውን ነገር ለሰው ይጠቅማል ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ርዕሷን አስተካክለው ከሥሩ ሁለት ቃል ጨመሩበት። “ጥሩ ጥያቄ።” በመድረኩ ሰው ዘንድ ይህ እንደ ሜዳሊያ ነበር። እትዬ ከአራስ ቤት ስትወጣ ታሪኩን ሁሉ ነገረቻት፣ ቁጣዋንም ሜዳሊያዋንም።

ያ ዘመን አለፈ። እትዬ ልጆቿ በዙና ፎቶ ቤቱን ለእሷ ለቀቀችላት። መድረኩም እየሳሳ ሄደ። ሰው ወደ ስልኩ ተሰደደ፤ እዚያ ጥያቄ በሰላምታና በመልካም ምኞት ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ቆይቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለውን ማሽን መጠየቅ መጣ። ማሽን አያንጓጥጥም፣ ለተንጋደደ ጥያቄም ቀና መልስ አያጣም። እሷም ትጠይቀዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ምቹ ነው። ብቻ መልሱን አንብባ ስትጨርስ አንዳንዴ ቅር ይላታል። ከወዲያ ማዶ ማንም እሷን ሲጠብቅ አልነበረማ።

መድረኩ ሊዘጋ መሆኑ ሲነገር፣ የቀሩት አባላት አንድ ቀን በአካል እንገናኝ ተባባሉ። የተገናኙት በአንድ ካፌ ፎቅ ላይ ነው። ሁሉም ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ፎቶ አንሺዋ መነጽራቸው የወፈረ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበር የጠበቀችው። አንድ ሰው ገብተው ስማቸውን ሲናገሩ ሁሉም ዞሮ አየ። አቶ መጀመሪያ ከእሷ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያያቸው ጆሯቸው የሚቀላ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ሆነው ተገኙ። ለካስ ቀኑን ሙሉ ሥራቸው “መጀመሪያ ቀበቶ፣ መጀመሪያ መስታወት” ማለት ኖሯል! አንተ ልትላቸው ሞከረች። ምላሷ እምቢ አለ።

ሰው ሁሉ ሲያመሰግናቸው እሳቸው ጥግ ይዘው ስኒያቸውን ያዞራሉ። ሊለያዩ ሲሉ ጠጋ አሏት። ድምፃቸው በቅጡ አይሰማም።

“ይቅርታ፤ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ፈልጌም ነበር፣ ብዙ ተጽፏል፣ ግን አልገባኝም። እናቴን መስኮቷ ጋ ቁጭ ባለችበት በስልኬ ሳነሳት ፊቷ ይጠቁራል።”

ምንም አልጠየቀቻቸውም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ካፌው መስኮት ወሰደቻቸውና፣ “እርስዎ መስኮቱ ጋ ይቁሙ፤ ብርሃኑ ከጀርባዎ ይምጣ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እርስዎ ያዙሩ” አለቻቸው። ደግመው ጠየቁ፣ ደግማ ነገረቻቸው። እናታቸው ፎቶ እንደማይወዱ፣ ዓይናቸውም እየደከመ ስለሆነ መስኮቷን ትተው እንደማይርቁ አጫወቷት። ደረጃውን ሲወርዱም አንዴ ጠየቁ፤ እሷም አንዴ ነገረቻቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፎቶው በስልኳ መጣ። እናትየው ፊታቸው በብርሃን ተሞልቶ በልጃቸው ይስቃሉ። ፎቶው ወደ ግራ ዘምሟል፤ ሻሻቸውም ከግንባራቸው በላይ ተቆርጧል። ፎቶ አንሺዋ ስለ መዝመሙ ጻፈች፣ ስለ መቆረጡም ጻፈች፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፍታ “እንዴት ያምራሉ!” ብላ ላከች። ፎቶውን በትልቁ እንድታትመው አስፈቀደቻቸውና አትማ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በሙሽሮች ፎቶ መካከል ሰቀለችው።

እትዬ ልትጠይቃት የመጣች ዕለት ገና ከበር ቆማ አየችው። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች።

“ራሳቸው ተቆርጧል እኮ! ማነው እንዲህ ያነሳቸው?”

“ጀማሪ ነው” አለች ፎቶ አንሺዋ። “ተይው፣ እንዲሁ ይሰቀል።”