ገመድ ያላት ወይስ የሌላት?

ነአኩቶ ለአብ ምስክሬ ነው፣ አታምኑኝም። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ አቋርጬው እሄድ ነበር።

ሰው መምረጥ ይወዳል ሲሉ ትሰማላችሁ። ውሸት ነው። ሰው የሚወደው ለሌላ ሰው መምረጥ ነው። ለራሱ በሬ ሲገዛ የሚያንቀላፋው ሁሉ፣ ጎረቤቱ በሬ ሊገዛ የተነሣ ዕለት ጥርስ ቆጣሪ፣ ጭራ መርማሪ ይሆናል። ምክር በእኛ በላስታ እንደ ድንጋይ ነው፤ የትም ብትረግጡ አለ፣ ቤት የሚሠራበት ግን ጥቂቱ ነው።

ጎረቤቴ አያ ሲሳይ ገበሬ ነው። ከእርሻ ሲመለስ ግን ወይራ ይዞ ይቀመጥና መስቀል ይቀርጻል፤ ለገበያ ሳይሆን ለነፍሱ ደስታ። ልጁ የታመመች ጊዜ፣ ሐኪሙም ጠበል አጥማቂውም አንገታቸውን ሲነቀንቁ፣ «ልጄን ማርልኝ እንጂ፣ ጾሜ እንደ መረብ የተፈለፈለ መስቀል ቀርጬ ለልደት አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ዳነች። በሳምንቷ ቀበሮ አባርራ ይዛለች፤ ቀበሮው ይጠየቅ። የአያ ሲሳይን አውራ ጣት ግን በአጨዳ ማጭድ በላው፤ ቢላዋ መጨበጥ አቃተው። ስለት ማስቀረት ደግሞ የዳነችውን ልጅ «መልሰህ ውሰዳት» እንደ ማለት ነው። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ በልደት ቀን ፋንታ የምጽአት ቀን የምትቆጥር መሰለች።

አስጎብኚው የእህቱ ልጅ ደምሌ መላ አመጣ። ፈረንጆች ለጊዜ ማሳለፊያ የሚቀርጹባት ትንሽ ማሽን አለች አለ፤ የበቆሎ ራስ የምታክል፣ በአራት ጣት የምትያዝ፣ ጫፏ ላይ ያለው ጥርስ እየተሽከረከረ እንጨት የሚበላ። አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ትገኛለች፤ ገመድ ያላትና በባትሪ የምትሠራ። የቱን ላምጣ?

ይኼኔ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ለሙሽራ ምርጫ እንኳ እንዲህ አልተሰበሰበም።

«ገመድ ያላት ትሻላለች፣ ጉልበቷ አያልቅም» አለ የእድሩ ዳኛ።

«እንደ ታሰረች ፍየል ከግድግዳው አትርቅም» አልኩት። «የባትሪዋ ብትሆን ዋርካ ሥር ይዟት ይቀመጣል።»

«እሷ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሠርታ ይርባታል። አንተን ትመስላለች።»

ሁሉም ሳቀና ባለ ገመዷ አሸነፈች። በምክር ቤት ሰው የሚረታው እንዲህ ነው።

ማሽኗ መጣች፤ መብራት ግን አልመጣም። መብራት ወደ ሰፈራችን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከገባ ወዲህ ግን መውጣቱን ነው የምናውቀው። በሥራ ቀን የከተማው ወፍጮና ብየዳ ቤት ጠጥተው ይጨርሱታል። ወደ እኛ የሚወርደው ወፍጮው በሚዘጋበት በበዓል ቀን ነው፤ እሱም ሆቴሎቹ ምሳቸውን አብስለው ሲጨርሱ፣ እንደ ድግስ ትራፊ። በበዓል ቀን ደግሞ የሚሠራ ሰው በእኛ ዘንድ በሰፈሩ አዝመራ ላይ በረዶ ጠሪ ነው። ስለዚህ አያ ሲሳይ ሲፈቀድለት መብራት የለውም፤ መብራት ሲኖረው አይፈቀድለትም። የጽዮን ዕለት አምፖሉ ቦግ ሲል፣ ማሽኗን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲያያት አመሸ።

ደምሌ ወስዶ በባለ ባትሪዋ ለወጣት። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። በበዓል ቀን ባትሪ መሰካት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የነፍስ አባቱ ዘንድ ተሄደ። አባ ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ።

«በበዓል በሬ አይጠመድም» አሉ። «ገለባ ግን ይሰጠዋል። ትብላ።»

ከዚያ ወዲህ በበዓል በላች፣ በማግሥቱ ቀረጸች። ግማሽ ሰዓት ትሠራለች፣ ቀጣዩን ታቦት ትጠብቃለች። በልደት ዋዜማ መስቀሉ አለቀ። ሸረሪት ብታየው በቅናት ድሯን ትቆርጥ ነበር።

አባ ግን አገላብጠው አዩትና መልሰው እጁ ላይ አኖሩት።

«ሲሳይ፣ የስለት መስቀል የሚቀርጽ እጅ ይጾማል። ያንተ እጅ ጾሟል፣ አውቃለሁ። የቀረጸችው ግን እሷ ናት። እንዴት አድርጌ ልቀበልህ?»

አያ ሲሳይ አንገቱን ደፋ። እትዬ ጥሩነሽ ከኋላችን ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች።

«ይፍቱኝ አባ፣ እሷም እኮ ጾማለች። መብራቱ መቼ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጥቶላት ያውቃል?»